«5000» ብሎ የማይለጥፍ ዘይት ቤት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወደ አጣዬ መውጫ ላይ የሞተር ዘይት የሚቀየርበት አንድ ዘይት ቤት አለ። ቦርድ የለውም። የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረ ፍልትሮ፣ በቃ። ሰው ሁሉ «ሽማግሌው ጋ» ነው የሚለው። እኔ ከደብረ ብርሃን ሮቢት በአባዱላ ሰው አመላልሳለሁ። እንጀራዬ ሞተሩ ላይ ስለሆነ ዘይት የማስቀይርበትን ቤት መርጬ ነው።

ብዙ ቦታ የሚሆነው ይታወቃል። ዘይቱ ይፈሳል፣ ይሞላል፣ ከስንት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደሚቀየር «5000» የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል፣ ሂሳብ። መኪናው የት እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌው ግን የማፍሰሻ ቡሎኗን ሳይነኩ ነው የሚጀምሩት። «ጣርማበርን የምትወጣው ጭነህ ነው ባዶህን? ተራ ስትጠብቅ ሞተር ታጠፋለህ? ሰሞኑን መንዝ ገብተሃል?»

ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሚጠይቁ ይገባዋል። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሮቢት 1300 አካባቢ። መሃል ላይ ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ተቀምጧል። ከሮቢት በደብረ ሲና አድርጎ እስከ ጣርማበር ዋሻ ድረስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ነው። ወንበር ሁሉ ሙሉ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሽንኩርት፣ ማርሹ ሁለተኛ።

«የሮቢት ፀሐይ ብቻውን ዘይት አይገድልም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ውጭው 35 ዲግሪ ሆነ ብሎ የሞተሩ ውሃ በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ 90 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩታል። ዘይቱን ግን ብዙ መኪና ላይ እንደዚያ የሚቆጣጠርለት የለም። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ከውሃው በልጦ ይግላል፣ 100 ዲግሪንም ያልፋል። የቆላው አየር ደግሞ እንደ ደጋው አያበርደውም። ዘይት አንዴ በደንብ ከጋለ፣ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዳገቱና ቆላው ሲገናኙ ነው እንግዲህ ነገር የሚበላሸው። ላዩ ላይ ቆሞ መሥራት አለ። መናኸሪያ ሞተር ሳይጠፋ የሚቆየው ሰዓት ኪሎ ሜትር ላይ አይቆጠርም፣ ዘይቱ ግን እየሠራ ነው።

የብዙ መኪና መመሪያ መጽሐፍ «ከባድ አጠቃቀም» ብሎ ለብቻው ያስቀመጠው ይህንን ነው። ጭነት፣ አቧራ፣ ቆሞ መሥራት። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና የመቀየሪያውን ጊዜ ያሳጥረዋል፣ ብዙ ጊዜም በግማሽ። እኛ ደግሞ ራሳችንን መደበኛ እያልን እንነዳለን! ለእኔ መኪና፣ በተራ ዘይት፣ 4000 ነው የቆረጡልኝ። መንዝ አቧራ ላይ ተመላልሼ ከመጣሁ ከዚያም ያሳንሱታል፤ የአየር ፍልትሮውን አውጥተው ወደ ብርሃን ያዞሩና «እይ፣ ታያለህ?» ይላሉ። ከታፈነ ምንም አይታይም።

ለመሸጥ ሲሉ ግን አያጣድፉም። እኔ እዚያ እያለሁ አንዲት መምህርት ቪትዝ ይዛ መጣች። ከተራው የበለጠ የሚቆየውን ሲንተቲክ ዘይት ነው የሞላችው፣ ከከተማ ብዙም አትወጣም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዘዙ፣ ጠረጉ፣ መልሰው ከተቱ፣ አዩት። «ገና ነው ልጄ፣ ስድስት ወር ሲሞላው ነይ» ብለው መለሷት። አንድ የናፍጣ ሾፌር ደግሞ ዘይቴ በሳምንቱ ጠቆረ ብሎ ሲያማርር ሳቁበት። ናፍጣ ጥላሸት አለው፤ ጥሩ ዘይት ጥላሸቱን ይዞ መጥቆሩ ሥራው ነው። በጣት አሽቶ መፍረድም ለእሳቸው ወሬ ነው።

ሰው ቆላ ነው እያለ 20ደብሊው-50 ይጠይቃል። እኔ የምሞላው 15ደብሊው-40 ነው። የኋለኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ የሚናገር ነው፣ የፊተኛው ለብርድ ነው። የማድረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ወፍራም ዘይት በዚያ ጠዋት ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ሞተሩ ይንገጫገጫል። ሮቢት ውሎ ሮቢት የሚያድር ባጃጅ ሌላ ነው። ባጃጅ ውሃ የለውም፣ የሚበርደው በንፋስ ነው፣ ዘይቱም ትንሽ ናት። እነሱ ቶሎ ቶሎ ቢመጡ አይፈረድባቸውም።

አሠራራቸው ንጹሕ ነው። ሞተሩ እንደሞቀ ያፈሳሉ፣ ጠብታው እስኪቆም ይጠብቃሉ። የማፍሰሻው ቡሎን ሮንዴላ በአዲስ ይተካል። የፍልትሮውን ጎማ አዲስ ዘይት ቀብተው በእጅ ያጠብቁታል፣ ቁልፍ አያስነኩትም። ጀሪካኑን ፊታችሁ ይከፍቱታል፣ የክዳኑን ቀለበት መጀመሪያ እናንተ ታያላችሁ። ሲያልቅ ካቻቢቴ አንስተው ባዶውን ሆዱ ላይ ይበሱታል። ጀሪካኑን የፈለገ ደንበኛ ሲቆጣ ሰምቻለሁ። «ባዶውን ዞሮ የሚገዛ አለ፤ ምን ሊሞላበት ይመስልሃል?» አሉት።

አሁን የማይመቸኝን ልናገር። ግቢው ያዘነበለ ነው፣ እዚያ ቆሞ የተለካ ዘይት አይታመንም። ሜዳ ላይ አውጡልኝ ካላችሁ ያወጣሉ፣ ዝም ካላችሁ ግን ረዳታቸው እዚያው ለክቶ ይሸኛችኋል። የዘይቱ ዋጋ ከደብረ ብርሃን ትንሽ ወደድ ይላል፣ የእጅ ግን አያስከፍሉም። የተቃጠለውን ዘይት ለአጥር እንጨት፣ ምስጥ እንዳይበላው ለሚቀባ ሰው ይሸጣሉ፤ የቀረው መሬቱን አጥቁሮታል። ወንዝ ያለበት ከተማ ውስጥ ይህ ደስ አይልም፣ ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ባጃጆቹ ይሰለፋሉ፣ በጠዋት ሂዱ። ለአባዱላ፣ ለአይሱዙና ለባጃጅ የሚሆን ፍልትሮ አይጠፋም፤ አዲስ ሞዴል ካላችሁ ግን ፍልትሮውን ገዝታችሁ ያዙ። ቴሌብር ይቀበላሉ።