ስምንት ወር ከ«አለስላሹ» ኬብል ጋር

ይህን የስፒከር ኬብል የገዛሁት ተናድጄ ነው። ዘፋኟ «ስ» ወይም «ሽ» ባለች ቁጥር ጆሮዬን በመርፌ የሚወጉኝ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ እሰማና አጠፋዋለሁ። ማሸጊያው ላይ ደግሞ «ሻካራ ድምፅን ያለሰልሳል» ይላል። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

የመጀመሪያው ሳምንት ግሩም ነበር። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ለሰለሰልኝ» እያልኩ አወራሁ። (ያን ያህል ከፍሎ ያልለሰለሰለት ሰው ካለ ይንገረኝ።)

በሦስተኛው ወር ወንድሜ ወሬዬ ሰለቸውና ፈተነኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ፣ አንዴ የድሮውን ተራ ሽቦ፣ አንዴ አዲሱን እየሰካ አስር ጊዜ አጫወተልኝ። አንዳንዴም እንዳልነቃበት ያንኑ ነቅሎ መልሶ ይሰካዋል። አምስቱን አገኘሁ። ሳንቲም ብወረውርም ያው ነበር።

ሲታሰብ አይገርምም። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ሦስት ሜትር ቢዘረጋ፣ ደርሶ መልስ ሬዚስታንሱ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበት መጠን) 0.04 ኦም ገደማ ነው። የእኔ ስፒከር 8 ኦም ነው፤ የሽቦው ከዚያ አንጻር ኢምንት ነው። በጣም ቀጭን ሽቦ በረጅሙ ከተዘረጋ ሌላ ጉዳይ ነው።

ታዲያ መርፌው ከየት መጣ? አንድ ማታ ከግራው ስፒከር ጎን ያለው ባዶ ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ። ግማሹ መርፌ እዚያው ጠፋ! ጆሯችን በተለይ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ኸርዝ ላለው ድምፅ ስስ ነው። ባዶ ግድግዳ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይወረውረዋል። ቀጥሎ ፊት ለፊቴ ያፈጠጡብኝን ስፒከሮች ትንሽ ወደ ውጭ አዞርኳቸው።

የቀረው የአምፕሊፋየሩ ጥፋት ነበር። ትንሽ ነው፤ ቁልፉን ከግማሽ በላይ ሳዞረው አቅም ያጥረዋል። ያኔ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፣ መቆረጡም በቀረጻው ውስጥ ያልነበረ ቀጭንና ስል ድምፅ ይፈጥራል። ስለዚህ ዕቃ ድምፅ ያሻክራል፣ አዎ። የእኔን ያሻከረው ግን ሽቦው አልነበረም። አንድ አልበም እስካሁን ይወጋኛል። እሱ ሲቀረጽም እንዲሁ ነው፤ ተውኩት።

ኬብሉ ራሱ? ጫፎቹ አልላሉም፣ ልባሱም አልተሰነጠቀም። ግትር ስለሆነ ግን ስፒከሩን ወደ ግድግዳ ለማስጠጋት ያስቸግራል። ዳግም አልገዛውም። እንደተሰካ ያለውም ለመንቀል ሰንፌ ነው።

ብርድ ልብሱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ አወርደዋለሁ።