ከሐዋሳ በአውሮፕላን ለምትሄዱ፦ ለ«ምርጥ ወንበር» ተብሎ ብር እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ልትሄዱ ወይም እናት አባታችሁን ልትልኩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ትኬት ቢሮ ገብታችሁ «ምርጡን ወንበር እናስይዝላችኋለን» ብለው ከትኬቱ ዋጋ በላይ ብር ከጠየቋችሁ አትክፈሉ። እኔ ከፍያለሁ። 1,800 ብር። ብሩም ቀረ፣ እናቴም ተንገላታች።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የቀኝ ጉልበቷ ከታመመ ቆይቷል። አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። በመኪና ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻሸመኔን፣ ዝዋይን፣ ሞጆን አልፎ እስኪደረስ ጉልበቷን አጥፋ መቀመጥ አትችልም። ስለዚህ ተበድረንም ቢሆን በአውሮፕላን ትሂድ ተባለ። እኔም አብሬያት ልሄድ ወሰንኩ።

ትኬት ቢሮው ከቤታችን በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ስሙን አልጠራም። የተቀበለን ልጅ ትሁት ነው። እናቴን ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣት፣ ውሃ አመጣላት። ከዚያ «እህቴ፣ ለእማማ ነው አይደል? ፊት እናድርጋቸው። እግራቸውን ዘርግተው ነው የሚሄዱት። ካልተያዘላቸው ግን መሃል ወንበር ሊደርሳቸው ይችላል፣ በሁለት ሰው መሃል ተጣብቀው» አለኝ።

ከመሳቢያው በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አወጣ። የአውሮፕላን ወንበር የተሳለበት ነው። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። የፊተኛውን ረድፍ በቀይ እስክሪብቶ ከበበው። «ቪአይፒ ረድፍ ይህ ነው» አለ። እኔ ደግሞ እናቴ በሁለት ወጠምሻ መሃል ተጨናንቃ፣ ጉልበቷን ይዛ ስታቃስት ታየኝ። ሌላ አልጠየቅሁም። ለሁለታችን 1,800 ብር በቴሌብር ላክሁለት። የላክሁት ለቢሮው ሳይሆን ለራሱ ስልክ ቁጥር ነው። በጊዜው ልብ አላልኩትም።

በበረራው ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። ቼክኢን የምታደርገው ልጅ ትኬታችንን አየች። «የተያዘ ወንበር የላችሁም» አለች። ከፍለናል አልኳት። ስክሪኑን ደግማ አየች፣ የለም። ፊት ስጪን፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል ብዬ ለመንኳት። የመለሰችልኝን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። «ፊት ረድፍ ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫ አለ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው በሩን ከፍቶ ሌላውን ማስወጣት የሚችል መሆን አለበት። ለእናታችን አይሆንም።» መሃል ወንበር ብቻ እንዳይደርሳት ስላት ግራ ገባት። «የትኛው መሃል? ሁለት ሁለት ሰው ነው የሚቀመጠው እኮ።»

ያ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት የሌላ አውሮፕላን ነበር። ሦስት ሦስት ወንበር ያለው ቦይንግ 737 እና እሱን የመሰለ ነው። እኛ የምንሳፈርበት ቦምባርዲየር ኪው 400 ነበር፣ ባለ ፕሮፔለሩ። በአጭር የአገር ውስጥ በረራ ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ እሱ ነው። መሃል መተላለፊያ አለው፣ በግራ ሁለት በቀኝ ሁለት። ወይ መስኮት ጋ ናችሁ፣ ወይ መተላለፊያ ጋ። መሃል ወንበር የሚባል ነገር የለውም። በሌለ ነገር አስፈራርቶ ነው ብር የወሰደብኝ።

ቀድመን ስላልያዝን አብረው የቀሩት ሁለት ወንበሮች ከፕሮፔለሩ አጠገብ ያሉት ነበሩ። እናቴ መስኮት ጋ ተቀመጠች። ከመስታወቱ ውጭ የፕሮፔለሩ ስድስት ቅጠሎች ቀጥ ብለው ይታያሉ። ሞተሩ ሲነሳ ጠፉ፣ ክብ ጥላ ብቻ ሆኑ። ለመነሳት ሲያጓራ እናቴ ነጠላዋን በጆሮዋ ላይ ደራርባ ያዘችው። እጄ ላይ ያለው የሃይላንድ ውሃ ከላይ ከላይ ይርገበገባል። ጉልበቷ ላይ ያሳረፈችው እጇም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፍርሃት ይሁን ከወንበሩ አላወቅሁም። ለማውራት ጆሮዋ ሥር መጮህ ነበረብኝ። «መቼ ነው የሚያበቃው?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። በረራው አጭር ነው፣ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለእሷ ግን ረዘመባት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አውሮፕላን ያላነበብኩት ነገር፣ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። እናንተ ደግማችሁ እንዳትታለሉ የገባኝን ልንገራችሁ።

ኪው 400 ክንፉ ከላይ ነው። ከጣሪያው በኩል ተዘርግቶ ሞተሮቹን ያንጠለጥላል። እያንዳንዱ ፕሮፔለር ጫፍ ለጫፍ ከ4 ሜትር በላይ ይሰፋል። ድምፁ የሚከፋው ቅጠሎቹ በሚሽከረከሩበት ቦታ ትይዩ ነው፣ ምክንያቱም ቅጠሉ እያለፈ አየሩን የሚመታው በዚያ በኩል ባለው የአውሮፕላኑ ገላ ላይ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ከአውሮፕላኑ መሃል ወደ ፊት ያጋደለ ነው። ስለዚህ በዚህ አውሮፕላን ላይ ወደ ፊት መቀመጥ ጸጥታ አይሰጥም። በጄት የለመደ ሰው ፊት ጸጥ ይላል ብሎ ያስባል፣ የጄቱ ሞተር ከኋላው ስለሚቀር። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ከክንፉ አልፋችሁ ወደ ኋላ ስትሄዱ ነው ጆሯችሁ የሚያርፈው። ኪው የሚለው ፊደል ራሱ «ኳይት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው፣ ጸጥተኛ ለማለት። ድምፅና ንዝረት የሚቀንስ መሣሪያ አለው። ከድሮዎቹ ባለ ፕሮፔለሮች ይሻላል ይባላል። ቢሆንም ከፕሮፔለሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

የፊተኛው ረድፍም እንደተወራለት አይደለም። ከፊታችሁ ግድግዳ ስላለ እግር የመዘርጋት ነገር እንደ አውሮፕላኑ አሠራር ይለያያል። ከፊት ወንበር ስለሌለ የእጅ ቦርሳችሁን ከሥር ማስገባት አትችሉም። ስትነሱና ስታርፉ ከላይ ማስቀመጥ አለባችሁ። የዚህ አውሮፕላን የላይኛው ዕቃ ማስቀመጫ ደግሞ ትንሽ ነው፣ በጎማ የሚጎተተው ሻንጣ አይገባበትም። እናቴ መድኃኒቷን የያዘችበትን ቦርሳ ከእጇ አትለይም። ፊት ብትቀመጥ ኖሮ መጀመሪያ የሚነጠቀው እሱ ነበር። በዚያ ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫ ያለበት ረድፍ ላይ ሽማግሌ፣ ሕፃን የያዘ ሰው ወይም እግሩን የሚያመው ሰው አይቀመጥም። ይህ የትም አገር ያለ የደኅንነት ደንብ ነው። የትኬት ቢሮው ልጅ ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም። ሥራው ነው። ምርኩዝ የያዘች እናት ፊቱ ተቀምጣ ሳለ ነው ያንን ረድፍ የሸጠልኝ።

ታዲያ የቱ ይሻላል? እንደ ሰውዬው ነው። ጆሮው ለጩኸት የማይችል፣ መተኛት የሚፈልግ ከክንፉ ወደ ኋላ ይቀመጥ። ሆዱ ቶሎ የሚገለባበጥበት ደግሞ ክንፉ አካባቢ ይሻለዋል። አውሮፕላን ሲናጥ ጭራው ነው ይበልጥ የሚወዛወዘው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከወንበሩ ይልቅ ሰዓቱን እንዲመርጥ እመክራለሁ። ስምጥ ሸለቆው ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ አየሩ ከታች ይነሳል፣ አውሮፕላኑን ይንጠዋል። ጠዋት ይረጋጋል። ጉልበት ለሚያመው መተላለፊያ ጋ ይሻላል፣ የታመመው እግር በመተላለፊያው በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ። የእናቴ ቀኝ ጉልበቷ ነው፣ ስለዚህ ከመተላለፊያው በግራ ባለው ወንበር ብትቀመጥ እግሯን አለፍ አለፍ እያደረገች ትዘረጋለች። ይህን ማወቅ 1,800 ብር አያወጣም።

መስኮት የሚወድም አለ። ክንፉ ከላይ ስለሆነ ወደ ታች ሲያዩ የሚጋርድ ነገር ትንሽ ነው። መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የሚያየው ሞተሩን ነው፣ ሲያርፍ ደግሞ ከሞተሩ ሥር የሚወጣውን ጎማ። ልጆች ይወዱታል። ሐይቆቹን ማየት የሚፈልግ ወደ ኋላ ሄዶ ጎኑን ይምረጥ። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ሐይቆቹ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ናቸው፣ ሲመለሱ በግራ። ላንጋኖና ዝዋይ በምሥራቅ በኩል ይቀራሉ። ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ከበረራችሁ ፀሐይዋም በዚያው በቀኝ ስለሆነች ዓይን ትወጋለች። አብራሪው እንደ አየሩና እንደ በረራ መቆጣጠሪያ ማማው ትእዛዝ መንገድ ሊቀይርም ይችላል።

ወደ ብሩ ልመለስ። አየር መንገድ ራሱ ለወንበር ምርጫ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ፣ እንደ ትኬቱ ዓይነት ነው። ያንን አልቃወምም። ግን እንዲህ ያለ ክፍያ በስማችሁ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ አለው፣ የወንበሩ ቁጥርም ትኬታችሁ ላይ ይወጣል። በአንድ ሰው ስልክ የሚገባ ብር ግን የወንበር ክፍያ አይደለም። የሰውዬው ኪስ ነው። ትኬት ስትቆርጡ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለባት መለያ ትሰጣችኋለች፣ ፒኤንአር የሚሏት። በእሷና በስማችሁ የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ላይ ገብታችሁ ወንበር ተይዞ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። እዚያ ከሌለ የለም። «ሲስተም ላይ አለ፣ እዚያ ስትደርሱ ይወጣል» የሚላችሁን አትስሙ። እኔንም ያለኝ እሱን ነው።

ወንበር ካልተያዘላችሁ ቀደም ብላችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ድረሱና ለምን እንደምትፈልጉት ተናገሩ። «እናቴ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል፣ ከክንፉ ወደ ኋላ መተላለፊያ ጋ ካለ» ማለት ይበቃል። እኔ የዘገየሁት የተያዘልኝ መስሎኝ ተዝናንቼ ነው። ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው ካለም ትኬት ስትቆርጡ ዊልቸር አስመዝግቡለት። ለኛ ያ ልጅ ስለ ዊልቸር ትንፍሽ አላለም። ለእናቴ ከወንበሩ በላይ የሚያስፈልጋት እሱ ነበር።

ከአዲስ አበባ ስመለስ ቢሮው ሄድኩ። ልጁ «ሲስተሙ ነው የቀየረው፣ አየር መንገዱን ጠይቂ» አለኝ። የቴሌብሩን መልእክት አሳየሁት። «እሱ የአገልግሎት ነው» አለ። ደረሰኝ አምጣ ስለው ዝም። ሥራ አስኪያጅ ነኝ ያለች ሴት መጥታ ስለ ክፍያው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ብሬን አልመለሱልኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የቴሌብሩን መልእክትና የትኬቱን ደረሰኝ አትሜ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ። እናንተም እንዲህ ከገጠማችሁ የላካችሁበትን መልእክት አታጥፉ። ያሳያችሁን ወረቀትም ፎቶ አንሱ። እኔ ያን ሦስት ሦስት ወንበር የተሳለበትን ወረቀት ፎቶ ባለማንሳቴ ያንገበግበኛል።

የመልስ ጉዟችንን ደግሞ ልንገራችሁ። ቦሌ ቀደም ብለን ደረስን። ቼክኢን ላይ ላለችው ልጅ ስለ እናቴ ጉልበት ነገርኳት። ምንም ሳንከፍል ከኋላ በግራ በኩል አብረን አስቀመጠችን። እናቴን መተላለፊያ ጋ አድርጌ እኔ መስኮት ጋ ሆንኩ። እግሯን ዘረጋች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። ትንሽ እንደሄድን በኔ በኩል ጎንበስ ብላ ወደ ታች አየችና በተለመደው ድምፅዋ፣ ሳትጮህ፣ «ያ ቡናማው ላንጋኖ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት።