«ብሉቱዝ አለው» ተብሎ የተሸጠልን ትሬነር፦ ሀዋሳ ያላችሁ ሳይክል ነጂዎች ተጠንቀቁ

ሀዋሳም ሁኑ ሻሸመኔ፣ ቤት ውስጥ የሚነዳ የሳይክል ስማርት ትሬነር ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። ገና ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ንዴቱ አልበረደልኝም፣ የተዛነፈ ነገር ካለ እያረማችሁ አንብቡት።

ሰውየውን ባታውቁት እንኳን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ቻናል አለው፣ «ኦሪጅናል የዱባይ»፣ «የቀረው ውስን ፍሬ ነው»፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር»፣ ያው የለመድነው። ስትደውሉለት ድምፁ ማር ነው፣ «ሱቅ ብቅ ይበሉ ጋሼ፣ አይተው፣ ነድተው፣ ወደው ነው የሚገዙት» ይላችኋል። የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም፣ አቤቱታ ላስገባ ስለሆነ። ሳይክል ውስጥ ያላችሁ ግን ገና ሳትጨርሱት ማን እንደሆነ ይገባችኋል።

እኔ በትርፍ ሰዓቴ የሰፈር ልጆች ሳይክል አሰለጥናለሁ፣ ክለብ ምናምን የሚባል አይደለም፣ ልጆቹ ይወዱታል እኔም እወደዋለሁ በቃ። ሀዋሳ ለሳይክል የተፈጠረች ከተማ ናት ግን ሜዳ ናት፣ ረጅም ዳገት ከፈለግህ ከከተማ መውጣት አለብህ፣ ስትወጣ ደግሞ ወደ ሻሸመኔም በለው ወደ ይርጋለም አስፋልቱ ላይ የሚጠብቅህ ሲኖትራክና ቅጥቅጥ ነው፣ የሰው ልጅ ይዤ እዛ መሀል መግባት ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የሳይክል ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ ኪጋሊ ላይ ሲካሄድ ልጆቹ አንድ ስልክ ከበው እያዩ ዳገቱ ላይ ትልልቆቹ ሯጮች ሲበታተኑ አፋቸውን ከፍተው ነው የቀሩት። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ከስማቸው እኩል የሚያውቁ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ እኛ ይሄን ዳገት የት ነው የምንለማመደው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስማርት ትሬነር የሚለው ሀሳብ የመጣው ከዛ ነው፤ ሳይክልህን ትሰቅለዋለህ፣ አፑ ስክሪን ላይ ዳገት ሲያመጣ ትሬነሩ በራሱ ፔዳሉን ያከብድብሃል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ያቀልልሃል። በተራ በተራ ይነዱታል ብለን ልጆቹም ወላጆችም እኔም አዋጣን። ከበጋ ጀምሮ የተጠራቀመ ብር ነው። አንዱ ልጅ ከትምህርት በኋላ ጎማ ቤት እየሠራ ያገኛትን ነው የሰጠኝ፣ ሌላው እናቱ እንጀራ ሸጣ ነው።

ሱቁ ስንሄድ ትሬነሩ መሀል ላይ ተሰቅሎ ነው የጠበቀን። የኋላ ጎማው ሮለር ላይ የሚያርፍበት ዓይነት ነው፣ ሳይክል ተገጥሞለታል፣ ከፊቱ ታብሌት ቆሟል፣ አፑ ክፍት ነው። ከልጆቹ አንዱን «ና ውጣ ጎበዝ» ብሎ አወጣው። ልጁ ሜዳው ላይ ትንሽ ነዳ፣ ከዛ ስክሪኑ ላይ ዳገት መጣ፣ እግሩ ሲከብደው አየሁ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ቆሞ መርገጥ ጀመረ፣ ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። ያን ሳቅ ሳይ ጉዳዩ አልቋል። «ይሄንኑ ስጠኝ» አልኩት። ሰውየው ደረቱን ይዞ «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ለማሳያ የቆመ ነው፣ ሰው ሲወጣበት ሲወርድበት የዋለ ዕቃ ለእርስዎ አልሰጥም፣ ካርቶኑ ያልተፈታ አለልዎት» አለኝ። ይሄን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ብሩን በስልክ አስተላለፍኩ፣ ገባለት፣ አንዱን ሠራተኛ ከመጋዘን ካርቶን አስወጣው፣ በፕላስተር እንደታሸገ ባጃጅ ላይ ጭነን ሄድን። ደረሰኙ ላይ «የሳይክል መለማመጃ ባለ ብሉቱዝ» ተብሎ ተጽፏል።

ቤት ደርሰን ገጠምነው፣ የአንዱ ልጅ ወንድም ውጪ ሆኖ የሚከፍልለት የዝዊፍት (ቤት ውስጥ ሳይክል የሚነዳበት አፕ) አካውንት ስላለ በሱ ከፈትን። የነዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ዕቃዎቹን የምታገናኝበት ገጽ ይመጣል፣ ፓወር (የእግርህ ጉልበት)፣ ሬዚስታንስ (አፑ የሚያከብደውና የሚያቀለው ጫና)፣ ኬደንስ (የፔዳሉ አዟዟር ፍጥነት)፣ የልብ ምት እያለ ለየራሱ ቦታ አለው። የፍጥነት ሴንሰር አገኘ። ሬዚስታንስ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፣ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ምንም። እንዲሁ እንሞክረው ብለን ልጁ ወጣ፣ ዳገት መጣ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ መንቀራፈፍ ጀመረ፣ የልጁ እግር ግን እንደ ሜዳው ይሽከረከራል። «ጋሼ ምንም አልከበደኝም» አለ።

ደወልኩ። እስከዚህ ድረስ አሁንም ማር ነው። «ሎኬሽን አብርተዋል?» አበራሁ። «ከስልኩ ሴቲንግ ገብተው ብሉቱዙን አገናኝተውት ከሆነ ፎርጌት ይበሉት፣ በአፑ በኩል ብቻ ነው የሚገናኘው» አለ፣ እሱንም አደረግን። «ሌላ ስልክ ይዞት ይሆናል፣ በብሉቱዝ አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚይዘው» ሲል ቤት ውስጥ ያለውን ስልክ ሁሉ አጠፋን፣ የጎረቤት ሳይቀር። አፑን አጥፍቶ መጫን፣ ስልክ መቀየር፣ ላፕቶፕ መዋስ፣ ያልሞከርነው የለም። በመጨረሻ «የእርስዎ ላፕቶፕ ብሉቱዝ ደካማ ነው፣ አንት ፕላስ ዶንግል ይግዙ» ብሎ እሱንም ከራሱ ሱቅ ሸጠልኝ፣ ኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽዬ ነገር፣ አንት ፕላስ ማለት እንደ ብሉቱዝ ያለ ሌላ የገመድ አልባ መገናኛ ነው። እሱም ሰካነው፣ ያው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ መሪው ላይ የሚታሰር ማንሻ ከነገመዱ ነበር፣ ገመዱ ትሬነሩ ውስጥ ይገባል፣ ይሄ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ምን አለኝ መሰላችሁ፣ «እሱ መብራት ሲጠፋ በእጅ እንዲያከብዱት የተሰጠ ተጨማሪ ነው»። መብራት ሲጠፋ! ሀዋሳ ለሚኖር ሰው ከዚህ በላይ የሚታመን ነገር ይኖራል?

በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው፣ አስተውሉት። ከላይ ያለኝ ነገር አብዛኛው ውሸት አይደለም። እውነተኛ ስማርት ትሬነር ያለው ሰው በነዚህ ነገሮች ሁሉ ይቸገራል። ቆየት ያለ አንድሮይድ ስልክ ሎኬሽን ካልበራ የብሉቱዝ ዕቃ ፈልጎ አያገኝም፣ ብዙዎቹ ትሬነሮች በብሉቱዝ አንዴ ከአንድ ስልክ ጋር ከተያያዙ ለሌላው አይታዩም፣ በስልኩ ሴቲንግ ማገናኘት አፑን ያደናግረዋል፣ አንት ፕላስ በኮምፒውተር የሚሠራው በዶንግል ነው። ሰውየው ይሄን ሁሉ አብጠርጥሮ ያውቃል። የሸጠልን ዕቃ ግን ችግሩ የመገናኘት አይደለም፣ ከመጀመሪያውም የሚያዘው ነገር ውስጡ የለም። ተራ የማግኔት ትሬነር ነው፣ ሮለሩን የሚያከብደው በማንሻው ስትጎትተው ብቻ ነው፣ ብሉቱዝ የተባለው ደግሞ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር በሰዓት ባትሪ የሚሠራ ሴንሰር ነው። ለአፑ ይናገራል እንጂ ከአፑ አይሰማም። አፕ እንዲያዘው ከተፈለገ ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብሬክ ኖሮት ኤፍቲኤምኤስ የሚባለውን የብሉቱዝ አሠራር ወይም በአንት ፕላስ በኩል ኤፍኢ-ሲ የሚባለውን መደገፍ አለበት። ይሄን እያወቀ ነው ልጆቹን ሌሊት በሌሊት ስልክ ሲያስጠፋ የነበረው።

ዛሬ ትሬነሩን ተሸክመን ሄድን። ማሳያው አሁንም መሀል ላይ ቆሟል፣ የኛን አጠገቡ አስቀመጥነው። ከውጪ ሲታዩ መንታ ናቸው፣ ቀለሙ፣ እግሩ፣ የሮለሩ ሽፋን። እኔ ከሰውየው ጋር እየተነጋገርኩ አንዱ ልጅ በርከክ ብሎ የማሳያውን ገመድ እየተከተለ እስከ ግድግዳው ሶኬት ሄደ፣ ተመልሶ የኛን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ የኛ የሚሰካው የት ጋ ነው?» አለኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ቀዳዳ የለውም። የማሳያው ከኋላው የአዳፕተር መሰኪያ አለው፣ የኛ እዛው ቦታ ላይ ድፍን ፕላስቲክ ነው። ቀና ስል ሁለቱ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያይተው አንደኛው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ያውቃሉ። ካርቶኑን ከመጋዘን ያወጣው ልጅ ራሱ ነው ፊቱን ያዞረው።

«ይሄ እኮ ሌላ ዕቃ ነው» አልኩት። ሰውየው አልደነገጠም፣ ያ የማር ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም፣ «ደረሰኝ ይዘሃል?» አለኝ። እርስዎነቱ ብሩ እስኪገባ ነበር ማለት ነው። ሰጠሁት፣ እሱም ጮክ አድርጎ የራሴን ደረሰኝ ያነብልኝ ጀመር፣ «የሳይክል መለማመጃ። ባለ ብሉቱዝ። ሳይክል መለማመጃ ነው አይደለም? ነው። ብሉቱዝ አለው የለውም? አለው። ስማርት የሚል የታለ? አሳየኝ»። ልጆቹ ፊት። አንድ ዕቃ ልትገዛ የገባች ሴትዮ ፊት። «ያሳየኸኝ ይሄን ነው፣ ልጁ የነዳው ይሄን ነው» ስለው «ያየኸውን ሁሉ ገዛህ እንዴ?» አለኝ። ሠራተኛው ከኋላ «ቴክኖሎጂው ካልገባህ የሚያውቅ ሰው ይዘህ አትመጣም?» ብሎ ጨመረበት፣ ሌላኛው ደግሞ ልጆቹን እያየ «ሐይቅ ዳር እያለላችሁ ቤት ውስጥ ሳይክል ትነዳላችሁ?» ብሎ ሳቀ። ጎማ ቤት የሚሠራው ልጅ አንገቱን ደፋ። እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ፣ የሱን አንገት መድፋት ግን ይቅር አልልም።

ቆይ አላለቀም። ልወጣ ስል ሰውየው ምን አለኝ፣ «ያኛውን ከፈለግክ ይሸጣል፣ ጨምርበት»። ማሳያውን! ሰው ሲወጣበት ሲወርድበት የዋለ ዕቃ ለእርስዎ አልሰጥም ያለኝን! የጠራው ጭማሪ ደግሞ መጀመሪያ ከከፈልነው ይበልጣል። የኛን መልሰህ ውሰድ ስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ አሳየኝ። ዶንግሉንስ ስለው «ማሸጊያውን ከፍተኸዋል» አለ። አለቀ። ትሬነሩን ተሸክመን ወጣን፣ በሩን የያዘልን እንኳን የለም።

እንግዲህ የምትገዙ ካላችሁ፣ የምትወስዱትን ራሱን ዕቃ እዛው ሱቅ ውስጥ ካርቶኑን አስፈትታችሁ በራሳችሁ ስልክ አገናኙት፣ ሬዚስታንስ የሚለው ቦታ መያዙን እዩ፣ ዳገት ላይ እግራችሁ ካልከበደ አትክፈሉ። በዶላር የሚከፈልበት አፕ ከሌላችሁ ማይዉሽ ነፃ ነው፣ እሱን ጭናችሁ ሂዱ። ደረሰኙ ላይ ስማርት መሆኑን፣ ጫናው በአፕ የሚቀያየር መሆኑን አስጽፉ። አብዛኞቹ ስማርት ትሬነሮች ከሶኬት ነው የሚሠሩት፣ መሰኪያ ከሌለው አጥብቃችሁ ጠይቁ።

እኔ ሰኞ ንግድ ቢሮ እገባለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴውም በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል፣ ሁለቱንም አላገኘንም። ዛሬም ቻናሉ ላይ ያ ቪዲዮ አለ፣ የተሰካው ማሳያ እየታየ ከስሩ «ጥቂት ፍሬ ቀርቷል» ይላል። ከዚሁ ሰው የገዛችሁና መሰኪያ የሌለው የደረሳችሁ ካላችሁ የደረሰኛችሁን ፎቶ በውስጥ ላኩልኝ፣ አንድ ላይ እናስገባዋለን።