ሲም የሚገባበት 4ጂ ራውተር ባሕር ዳር ላይ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ካት 4 የሚባል የ4ጂ ፍጥነት ደረጃ ያለው፣ ከሲም ዳታ ወስዶ ለቤቱ ዋይፋይ የሚያከፋፍል ራውተር ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ የብሎኬት ቤት ውስጥ ሌት ተቀን ሠርቷል። የተገዛበት ምክንያት ብዙ ቤት ያለ ነው። በረንዳ ላይ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ የሚያሳይ ስልክ ሳሎን ሲገባ እየዞረ ይቀራል። የዕቃውን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ ደረጃ የሚሸጡት በአሠራር በጣም ስለሚቀራረቡ ከዚህ በታች ያለው ለአብዛኞቹ ይሠራል። ፍርዱን ላስቀድም፦ ቤቱ ራሱ የሚፈጥረውን ችግር በደንብ ይፈታል፤ የቴሌኮሙ ታወር ላይ ያለውን መጨናነቅ ግን ጨርሶ አይነካውም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩ የትኛው እንደሆነ ለዩ፤ መለየቱ ምንም አያስከፍልም።

የሚለየው በቁጥር ነው። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ ወደሚለው ግቡና የሲም ሁኔታን ክፈቱ (አጠራሩ ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል)። የሲግናል ጥንካሬ ከሚለው ሥር እንደ −97 ዲቢኤም 43 ኤኤስዩ ያለ ነገር ታገኛላችሁ። ሁለቱም የሲግናል ጥንካሬ መለኪያዎች ናቸው፤ ዲቢኤሙ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። በ4ጂ ላይ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ከኤኤስዩው 140 ስትቀንሱ ዲቢኤሙ ይመጣል። −85 እና ከዚያ የተሻለ በጣም ጥሩ ነው፣ −95 አካባቢ ያሠራል፣ ከ−105 ወዲያ መንቀርፈፍ ይጀምራል፣ −115 ላይ ስልኩ ታወሩን የሚይዘው በግድ ነው። በዲቢኤም ላይ የ10 ልዩነት፣ ማለትም 10 ዴሲቤል፣ ትንሽ አይምሰላችሁ፤ የሚደርሰው ኃይል በ10 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ስክሪኑ አናት ላይ ያሉትን ዘንጎች ተዉአቸው፤ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ልክ ነው የሚሞላቸው።

ጥንካሬው ጥሩ ሆኖ ዳታው ከተጎተተ ቀጥሎ የሚታየው ከሌሎች ታወሮች የሚመጣው ረብሻ ነው። ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው ቁጥር ሲናር ይባላል። በሳምሰንግ *#0011#፣ በአይፎን *3001#12345#* ስትደውሉ የሚከፈተው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከ20 በላይ ምርጥ ነው፣ ከ10 በላይ ይበቃል፣ ወደ 0 ሲጠጋ ዘንጉ ቢሞላም ገጽ የሚከፈተው በግድ ነው። ሐይቅ ዳር ላይ ይህ ነገር የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። የብስ ላይ ቤቱ፣ ዛፉና ኮረብታው የሩቁን ታወር ይጋርደዋል፤ ውሃ ላይ ግን የሚጋርድ ስለሌለ ከማዶ፣ ከዘጌም አቅጣጫ ቢሆን፣ የሚመጣ ሲግናል ዳር ያለውን ቤት ይደርሳል። ስልኩ ተቀራራቢ ኃይል ያላቸው ሁለት ሦስት ታወሮች ይሰማና አንዱን ሲይዝ ሌላው ይረብሸዋል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚያየው ክፍት መስኮት ምርጡ ቦታ ላይሆን ይችላል። ይህን ለክተው ካላዩት በስተቀር ማንም አያምነውም።

ሦስተኛው ፈተና ሰዓት ነው። ስልኩን ከቦታው ሳታነቃንቁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለኩ፣ ከዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ድገሙት። ዲቢኤሙና ሲናሩ ብዙም ሳይለወጡ ፍጥነቱ ብቻ ከወረደ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ታወሩ ላይ ነው ያለው፤ ራውተርም አዲስ ስልክም አትግዙ። የፍጥነት መለኪያው ዳታ እንደሚበላም እወቁ፤ በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር ላይ የ10 ሰከንድ ልኬት 25 ሜጋባይት ይወስዳል፣ ወደ ላይ የሚላከው ሳይቆጠር።

ስልኩ ውስጥ ጥፋት ካለ በፍጥነት ይታያል። ሁለት ሲም ካለ ዳታው በየትኛው እንደተመረጠ ተመልከቱ። የኔትወርክ ዓይነቱ 3ጂ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ወደ 4ጂ መልሱት። ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን በሌላ ሰርቨር የሚያዞር አፕ) ካለ አጥፍታችሁ ለኩ። ሲሙ 4ጂ ከመምጣቱ በፊት የወጣ ከሆነ ቁጥሩን ሳትቀይሩ አዲስ ሲም አስወጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በ*#*#4636#*#* ገብቶ ስልኩን 4ጂ ብቻ ላይ ማሰር የተለመደ ምክር ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ወይም መስመሩ በ4ጂ ላይ ድምፅ የማያስተላልፍ ከሆነ ጥሪ አይገባላችሁም። ደዋዩ ስልኩ ዝግ ነው ይባላል፣ እናንተ ደግሞ ምንም አታውቁም።

አሁን ወደ ራውተሩ። ካት 4 ማለት በወረቀት ላይ እስከ 150 ሜጋቢት ያወርዳል፣ እስከ 50 ይልካል ማለት ነው። ያንን ቁጥር ቤት ውስጥ አትጠብቁ። ዋናው ጥቅሙ አንቴናው ከስልክ አንቴና የሚበልጥ መሆኑና አንዴ ጥሩ ቦታ ካገኘ ከዚያ አለመነቃነቁ ነው። በዚህ ቤት ሳሎኑ ጥግ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ −109 እና ሲናር 2 ነበር፤ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ገደማ። ወደ ከተማው፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አቅጣጫ በሚያየው የመኝታ ክፍል መስኮት ላይ −93 እና ሲናር 14 ሆነ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ጠዋት 22 ሜጋቢት፣ ምሽት 6። የምሽቱን 6 ስምንት ወር ሙሉ ምንም ነገር አላሻሻለውም።

መስኮቱ ላይ አንድ ነገር ቆም ብላችሁ እዩ፤ የወባ ትንኝ መከላከያውን ወንፊት። በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የብረት ፍርግርጉ ክፍተት ከዚያ ብዙም ስለማያንስ ሲግናሉ ትንሽ ቀንሶ ያልፋል። የወንፊቱ ቀዳዳ ግን ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ወንፊቱ የሽቦ ከሆነ መስኮቱ ለሬዲዮ ሞገድ በቆርቆሮ የተዘጋ ያህል ነው። በጥፍር ስትፍቁት የብረት ድምፅ ካሰማ ወይም ማግኔት ከያዘው ሽቦ ነው (አሉሚኒየምን ማግኔት አይይዘውም፤ እሱን በማጠፍ ታውቁታላችሁ፣ እንደታጠፈ ይቀራል)። በናይለን ስትቀይሩት ትንኙም አይገባም፣ ሲግናሉም ያልፋል። ብረት የተቀባ አንጸባራቂ መስታወትም እንዲሁ ነው፤ ከፍታችሁና ዘግታችሁ ስትለኩ ከ10 ዴሲቤል በላይ ልዩነት ልታዩ ትችላላችሁ።

ቦታ ስትፈልጉ ራውተሩን በአንድ ጊዜ ግማሽ ሜትር ብቻ አዛውሩት፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ የራውተሩን ገጽ በስልክ ከፍታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ወይም 192.168.1.1 ነው፣ ከሥሩ ተለጥፏል። ከጥንካሬው ይልቅ ሲናሩ የተሻለበትን ምረጡ።

ስምንት ወር ውስጥ የተበላሸው ምንድን ነው? ትልቁ ራስ ምታት ኃይል ነበር። ራውተሩ 12 ቮልት 1 አምፒር ይፈልጋል። በአምስተኛው ወር የአዳፕተሩ ገመድ ከሶኬቱ አንገት ላይ ተቀደደና ገበያ በተገኘ 12 ቮልት ግማሽ አምፒር ተተካ። መብራቱ በራ፣ ዋይፋዩ ታየ፣ ሁሉም ደህና ይመስል ነበር፤ ትልቅ ፋይል መላክ ሲጀመር ግን ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። ወደ ታወሩ ሲልክ ነው ብዙ ኃይል የሚስበው፤ ደካማ አዳፕተር የሚንበረከከውም እዚያ ላይ ነው። የ12 ቮልት 2 አምፒር አዳፕተር ችግሩን ጨረሰው። አምፒሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቮልቱ ግን የግድ አንድ መሆን አለበት። የጫፉንም ውፍረት አስተያዩ፤ ውስጡ 2.1 እና 2.5 ሚሊሜትር የሆኑት በዓይን አይለዩም፣ የማይገጥመው ግን እየላላ ያቋርጣል።

መብራት ሲጠፋ ለመቀጠል ትንሽ ባለባትሪ ዩፒኤስ ተጨምሯል። ላዩ ላይ 8800 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል፤ ይህ ግን በ3.7 ቮልት ስለሆነ 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 7 ዋት ለሚበላ ራውተር ኪሣራው ተቀንሶ ወደ 4 ሰዓት ይሰጣል። ሻጩ 10 ሰዓት ቢላችሁ ይህን ሒሳብ አሳዩት።

ሙቀቱም አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ራውተር ይግላል፣ ይንቀረፈፋል፣ ራሱን ያጠፋል። ከጣሪያው ዝቅ አድርጉት፣ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የአየር ቀዳዳዎቹ ክፍት ይሁኑ። ዳንቴል አታልብሱት፤ ለቴሌቪዥን ያምራል፣ ራውተሩን ግን ያፍነዋል።

ሲሙ ላይ ደግሞ እጃችሁን አለስልሱ። የስልክ ናኖ ሲም በፕላስቲክ ማስፊያ ነው ትልቁ ማስገቢያ ውስጥ የሚገባው። ማስፊያው ባዶ ሆኖ ወይም ሲሙ ትንሽ ከፍ ብሎ ከገባ ሲወጣ የውስጡን ቀጫጭን የነሐስ ጥርሶች ነቅሎ ይወጣል። ከኋላው ቀጭን ፕላስተር ለጥፉ፣ ከመዳብ ፊቱ ግን ምንም አይንካ። ብዙ ራውተር የሒሳብ መጠየቂያ ኮድ ስለማይቀበል ሰው ቀሪውን ለማየት ሲሙን በየቀኑ ያወጣል ያስገባል፤ ማስገቢያው የሚያልቀው በዚህ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ኮዱን ከገጹ መላክ መቻሉን ጠይቁ።

ፓኬጁ ከበፊቱ በፍጥነት ካለቀ ሌባ አትፈልጉ። ስልክ ዋይፋይ ሲያይ ገደብ የለውም ብሎ ስለሚያስብ ፎቶ ይሰቅላል፣ አፕ ያዘምናል። በእያንዳንዱ ስልክ የዋይፋዩን ስም ተጭናችሁ አጠቃቀሙን የሚለካ ወደሚለው ቀይሩት። በዚህ ቤት ከሁሉም ማስተካከያ ብር ያዳነው ይህ ነው።

የውጭ አንቴና መግጠሚያ ሁለት ቀዳዳ ከኋላ አለው። መስኮት ላይ −110 እና ከዚያ በታች ከሆነ ብቻ አስቡት። ሁለት ገመድ ያለው ይሁን፤ ቀጭኑ ገመድ በሜትር ከግማሽ እስከ 1 ዴሲቤል ስለሚበላ ከ5 ሜትር አይርዘም፤ 10 ሜትር ከሆነ አንቴናው የሰጠውን ገመዱ ይውጠዋል። ከገጠማችሁ በኋላ በገጹ ላይ አንቴናውን ከውስጥ ወደ ውጭ ቀይሩ፣ አለበለዚያ ምንም አይለወጥም። ጣሪያ ላይ የወጣ ከሆነ ደግሞ ክረምት ገብቶ ሰማዩ ከሐይቁ ማዶ ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ሁለቱንም ገመዶችና አዳፕተሩን ንቀሉ።