ውሃ መለያ ፊልትሮ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ናፍጣ መኪናዬ ላይ ውሃ መለያ ፊልትሮ ካስገጠምኩ ወራት ተቆጠሩ። ከታንኩ ወደ ዋናው ፊልትሮ በሚሄደው መስመር ላይ የሚገባ፣ ከሥሩ ግልጽ ኩባያና ማፍሰሻ ቡሎን ያለው ዕቃ ነው። ወድጄዋለሁ። ግን አንዴ ከተገጠመ በኋላ ዞር ብለው የማያዩት ዕቃ አይደለም።

ትልቁ ጥቅሙ ውሃውን በዓይን ማሳየቱ ነው። ውሃ በሊትር 1 ኪሎ ሲመዝን ናፍጣ 0.84 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ውሃው ይዘቅጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ በባትሪ ሳበራበት ከላይ ቢጫው ናፍጣ፣ ከታች ውሃው፣ መሃል ላይ ደግሞ ስል መስመር ይታየኛል። ኩባያውን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ዳር ዳር የተጣበቁት ጠብታዎች ድቡልቡል ብለው ወደ ታች ይንከባለላሉ። ሞተር እንደጠፋ ወዲያው ማየት ግን አይረዳም። ፖምፓው ሁለቱን ስለሚያምሳቸው ነዳጁ ደፍርሶ ይቆያል፤ ካልረጋ አይለይም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መስመር አልታየም ማለት ውሃ የለም ማለት አይደለም። ኩባያው በሙሉ ውሃ ከሆነም መስመር የለም፤ ዝገት የነካው ውሃ ደግሞ ቀለሙ ከናፍጣ ጋር ይምታታል። እኔ ከኩባያው የቀዳሁትን ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ጠብታ የምግብ ቀለም እጨምርበታለሁ። ቀለሙ ናፍጣ ውስጥ አይሟሟም፤ ውሃ ካገኘ ግን ወዲያው ይበተናል። ውሃ ሲነካው መልኩን የሚቀይር ቅባትም አለ። በዘንግ ጫፍ ተቀብቶ ይገባል፤ ለበርሜልና ለማደያ ጋን ጥሩ ነው፤ የብዙ አዳዲስ መኪኖች ታንክ ግን ዘንግ አያስገባም።

ዳሽቦርዱ ላይ ውሃ ሲኖር የሚያስጠነቅቅ መብራት አለ፣ ይበቃኛል የሚል አይጠፋም። አይበቃም። መብራቱ የሚሠራው ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ናፍጣ ስለማያስተላልፍ ነው። ስለዚህ ውሃው ሴንሰሩ ጋ እስኪደርስ ዝም ይላል። በዘመናዊ ሞተር ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ተጨምቆ ነው ኢንጀክተር (ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ) የሚደርሰው። ፖምፓውን የሚያለሰልሰውም ራሱ ናፍጣው ነው። እዚያ ውሃ ከገባ ዝገትና መፋቅ ነው፤ ጥገናው ደግሞ ኪስ ያራቁታል።

ቅሬታም አለኝ። ማፍሰሻው ቡሎን ጭቃ ሲይዘው በእጅ አልዞር ይላል። ኦሪንጉ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) በደንብ ካልተቀመጠ አየር ይስባል፤ ያኔ ሞተሩ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ኩባያውም ከጊዜ ጋር እየደበዘዘ ነው። ግልጽነቱ ከጠፋ ምን ዋጋ አለው?

ታንኬን ሞልቼ ማሳደር ከጀመርኩ ወዲህ የማፈሰው ውሃ ቀንሷል። ጎዶሎ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ወደ ውሃነት ይቀየራልና። ነዳጅ በቀዳሁ ማግስት ኩባያው ድንገት ብዙ ውሃ ካሳየኝ ግን ናሙናውን በጠርሙስ ከድኜ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጣለሁ። ማደያው ጋ ሄዶ ለመነጋገር ማስረጃው እሱ ነው።