ካራ ቆሬን አለፍ ብሎ ያለው ጋራዥ፦ ሳይለኩ የማይናገሩ መካኒክ

ከካራ ቆሬ ወደ ዓለም ገና ስትሄዱ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት ቅያስ ውስጥ አንድ ጋራዥ አለ። ታፔላ የለውም። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ካያችሁ ደርሳችኋል።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ ፎር ኤ (4A) የሚባለው የቶዮታ ሞተር። ካምሻፍቷ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ተበልቶ ቲክ ቲክ ስትልብኝ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ገዛሁ (ባለፈው ዓመት የተሰረቀውን ስፖኪዮዬን እዚያው ያየሁ መሰለኝ፣ ግን ተውት) እና ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርኩ። የዚያን ጋራዥ ስም አልጠራም። ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ ሲሞቅና መንገድ ተዘጋግቶ ስቆም የዘይቷ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ተመልሼ ሄድኩ። «ሴንሰሩ ነው» ብለው ቀየሩት፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ «ወፍራም ዘይት አድርግበት» አሉኝ፤ አደረግኩ፣ መብራቷ ጠፋች፣ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ስነዳ ሰነበትኩ። በአሥረኛው ቀን ከሞተሩ ሥር ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ መጣ።

ሰማያዊው በር ጋ ተጎትታ ነው የደረሰችው። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ሌላ ሞተር ልፈልግ እንዴ?» ስላቸው «ቆይ እንጂ ልጄ፣ መጀመሪያ ግፊቱን እንለካ» አሉኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ የዘይቱን ግፊት የለካው ሰው አልነበረም!

ሴንሰሩን ፈትተው በቦታው ጌጅ አሰሩ። ቀዝቃዛ እያለች መርፌው ደህና ቆመ። ስትሞቅ ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ዜሮ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረው፣ በ3,000 ዙር 1 ባር አካባቢ። የዚህ ሞተር መመሪያ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3 ባር ገደማ፣ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ነው የሚለው። ብዙ አላስነሷትም። የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ነቀሉ፣ የተነቀለበት ሲሊንደር ስለማይተኩስ ጭነቱ ይቀላል፤ የሦስተኛው ሲነቀል ኳኳታው ለሰለሰ። የሦስተኛው ቢዬላ (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ቤሪንግ ነው አሉ፣ ገና ምንም ሳይከፍቱ።

በጣም የወደድኩት የዘይት ፊልትሮውን ነገር ነው። በሴጌቶ ቆርጠው እጥፋቱን ፀሐይ ላይ ዘረጉት፣ ወረቀቱ ያብረቀርቃል። ማግኔት አስጠጉ። ከፊሉ ብናኝ ዘሎ ተጣበቀ፣ ከፊሉ ንቅንቅ አላለም። የተጣበቀው ከተበላው ካም የተላጠ ብረት ነው፣ ያልተጣበቀው ደግሞ ቤሪንጉ ራሱ።

ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ሲወርድ ሌላ ጉድ። የዘይት መሳቢያው ወንፊት ግማሹ በቀይ ሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የላይኛውን ክዳን ሲገጥሙ ሲሊኮኑን እንደ ቅቤ ለቅልቀውት ኖሯል። ካሙን ከላይ የሚይዙት ክዳኖችም ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ቁጥርና ቀስት ተጽፎባቸው እያለ። በዚህ ሞተር ካሙ በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ነው የሚዞረው፣ ክዳኖቹም ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር አብረው ስለተሞረዱ አንዱ የሌላውን ቦታ በልክ አይዝም፣ ዘይቱ በክፍተቱ ያመልጣል። ወፍራሙ ዘይት ግፊቱን ትንሽ ገፋ አድርጎ መብራቷን አጠፋልኝ እንጂ ቤሪንጉ ውስጥ ውስጡን እየተበላ ነበር። ሲያሳዩኝ የላይኛው ሽፋኑ አልቆ መዳቡ ወጥቷል።

ክራንክሻፍቱ ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.25 ሚሊ ሜትር ተሞረደ፣ በዚያው ልክ አዲስ ቤሪንግ ገባ። የዘይት ቀዳዳዎቹ በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ ታጠቡ። ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ የጌጁ መርፌ እስኪነሳ በሞተሪኖ አዙረው ነው ያስነሷት። አሁን ሞቃ በሚኒሞ 0.9፣ በ3,000 ዙር 3.2። በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅሬታም አለኝ። ሦስት ቀን ተብዬ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፣ ቶርኖ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ነው አሉ። ስልክ አያነሱም። በክረምት ከሄዳችሁ ቦቲ አድርጉ። ለምርመራው ብቻ የከፈልኩት ግን ከአንድ ዘይት መቀየሪያ ያነሰ ነው፣ የወጣውን ዕቃ ሁሉ ደግሞ በካርቶን አድርገው ሰጥተውኛል።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ደረሰኝ ስጠይቅ «ነገ ና» ስለተባልኩ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ።