ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ በጎጃም መንገድ፦ የሚበረታበትና የሚከዳበት

ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ አስፋልቱን ለቆ ወደ ገጠር የሚገባ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚመርጠው መኪና ይታወቃል፤ ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ፣ ያውም ባለ 1ኤችዜድ ሞተሩ። ምርጫው ትክክል ነው። ጭነት ይችላል፣ ጭቃ ይችላል፣ ደህና ሜካኒክ ያለ ኮምፒውተር ይፈታዋል። ችግሩ ባለቤቶቹ ገንዘባቸውን የሚያፈሱበት ቦታ ላይ ነው። መኪናው እንደተገዛ ፓራውርቲው በወፍራም ብረት ይቀየራል፣ ፓውዛ ይደረደራል፣ ባሌስትራ ይጨመራል፤ የፊት እግሩ ውስጥ ያለችው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የምትዘጋ የጎማ ቀለበት) ግን መሪው መንቀጥቀጥ እስኪጀምር የሚያስታውሳት የለም። የጎጃም መንገድ ይህን መኪና የሚጎዳው በከፍታው፣ በጭቃና በውኃው፣ በአባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። ገንዘቡም በዚያው ቅደም ተከተል መውጣት አለበት።

ሞተሩ 4,164 ሲሲ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ብዙም ሳይለወጥ ስለቆየ ዕቃውም ባለሙያውም አይጠፋም። 285 ኒውተን ሜትር ጉልበቱን የሚሰጠው በ2,200 ዙር ላይ በመሆኑ ጭቃ ውስጥ ነዳጅ ሳይረገጥ ቀስ ብሎ ይወጣል። ተርቦ የሌለውን ሞተር ግን ከፍታ ይበላዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚያ የሚሠራ መኪና ሩብ ያህል ጉልበቱን አጥቶ ነው የሚውለው፤ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። አየሩ ሲሳሳ ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ካልቀነሰ ትርፉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ የታየ ጭስ ሁሉ የኢንጀክተር ብልሽት አይደለም። 1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር ንጹሕ ሆኖ እየሄደ ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻ የሚያጨስ ከሆነ ሰበቡ ከፍታው ነው። ሁለቱም ቦታ የሚያጨስ ከሆነ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ማየት፣ ቀጥሎ የኢንጀክተሮቹን አረጫጨት ማስፈተሽ ነው።

«ጉልበት አነሰው» ብሎ ፖምፓውን ማስከፈት በየጋራዡ የተለመደ ጥፋት ነው። የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ ሲጨመርለት የሚያድገው ጭሱና ሙቀቱ ነው። ተርቦ ማስገባትም ሲታሰብ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ይህ ሞተር ናፍጣውን ማቃጠል የሚጀምረው ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ ሙቀቱ እዚያው ይከማችና ቴስታው ይሰነጠቃል። የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠምለትና ግፊቱ ዝቅተኛ ሳይሆን ተርቦ የገባለትን 1ኤችዜድ እኛ አንገዛም።

ታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን ሥራ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያገጣጥመው ቀበቶ) በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ሲደርስ ክሩስኮቱ ላይ መብራት ይበራል። ያገለገለ መኪና ላይ ግን መብራቱም ቆጣሪውም አይታመኑም። የቺንጋው ሽፋን ከፊት በቀላሉ ስለሚከፈት ቺንጋውንና የመወጠሪያውን ኩሽኔታ አብሮ ቀይሮ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ሽፋኑ ላይ መጻፍ ይሻላል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ቴስታው መውረዱ ነው። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ በማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ በማስወጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ማቀዝቀዣው ላይ የጎጃም የራሱ ጣጣ ገለባ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ጤፍ ሲወቃ፣ ራዲያተሩ ፊት ላይ ብናኝ ገለባ ይለጠፍና የክረምቱ ጭቃ ከተወው አፈር ጋር ተጋግሮ አየር ይዘጋል። ሲታጠብ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ነው፣ ቆሻሻው በገባበት እንዲወጣ፤ በኃይለኛ የውኃ ግፊት ከታጠበ ስስ ቅጠሎቹ ይተኛሉ። የራዲያተሩ ክዳንም ተራ ነገር አይደለም። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ በገላጣ ድስት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ይህን ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና የደጀንን ዳገት ሳይጨርስ የሚያፈላው ለዚህ ነው። ቬንትሌተሩም ይፈተሽ፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፋ ያለ ምንም ይዞታ ደጋግሞ የሚሽከረከር ከሆነ መሐሉ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል።

አሁን ወደ ፊት እግሩ፣ ይህ መኪና ጎጃም ውስጥ በብዛት ወደሚበላሽበት ቦታ። ከፊት ጎማው በስተጀርባ መሪ ሲዞር አብሮ የሚታጠፍ ኳስ የመሰለ ብረት አለ፤ ሜካኒኮች ናክል ይሉታል። ውስጡ ሲቪ ጆይንቱ (መሪ ሲዞርም ጎማውን የሚያሽከረክር መጋጠሚያ) በግራሶ ተሞልቶ ይኖራል፣ ከላይና ከታች ደግሞ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ይሸከሙታል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደዚያ እንዳይገባ የምትከለክለው አክስሉ ውስጥ ያለች አንዲት ኦይል ሲል ናት። እሷ ስታልቅ ዘይቱ ግራሶውን አጥቦ ያቀጥነዋል፤ ቀጭኑ ጥቁር ዘይት በኳሱ ላይ ወርዶ ቸርኬው ድረስ ይደርሳል። ግራሶ ብቻውን እንዲህ አይፈስም፤ ወፍራም ሆኖ በቦታው ይቀመጣል። ስለዚህ ኳሱን በጣት ነክቶ ማሻሸት ብቻ በቂ ምርመራ ነው። እንደ ዘይት ከቀጠነና የማርሽ ዘይት ሽታ ካለው የውስጧ ሲል ሄዳለች።

ብዙ ጋራዥ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከላይ ባለችው ቡሽ በኩል ግራሶ መጨመር ነው። ለጥቂት ሳምንት ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ዲፈረንሻሉ ዘይቱ እየጎደለ ይሄዳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ በዚያው በር ጭቃ ውኃ ይገባል። ቀጥሎ የላይና የታች ኩሽኔታዎቹ ይዝጋሉ፣ መሪው አንዲት ጉድጓድ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም መሪ ጥግ ድረስ ዞሮ ሲኬድ ሲቪ ጆይንቱ ቋ ቋ ይላል። ያኔ የሚከፈለው ገንዘብ ከሲሏ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

ሥራው ሲሠራ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ነው። የሚያስፈልገው፦ 2 የአክስል ውስጥ ኦይል ሲል፣ 2 ሙሉ የናክል መጥረጊያ (ላባዱ፣ ጎማውና የብረት ቀለበቱ)፣ 4 የናክል ኩሽኔታ፣ 4 የጎማ ኩሽኔታ፣ 2 የሀብ ኦይል ሲል፣ ጓርኒሲዮኖቹ፣ የዳዶ መቆለፊያ ሳህኖች፣ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ከ2 ኪሎ የማያንስ። የጎማ ኩሽኔታውን ዳዶ የሚፈታው ባለ 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ ነው። ጋራዡ ይህ ቡሶላ ከሌለውና ዳዶውን በስካርፔሎ እየመታ የሚፈታ ከሆነ መኪናውን አንሥታችሁ ሂዱ፤ እንዲህ የተፈታ በልኩ አይታሰርም። የፍሬን ፒንሳው ሲወርድ በሽቦ ይታሰራል እንጂ በፍሬን ጎማው አይንጠለጠልም። የናክሉ የላይና የታች ስስ ሳህኖች የግራው ከቀኝ፣ የላዩ ከታች እንዳይቀያየሩ በየብቻቸው ይቀመጡ፤ ኳሱን መሐል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አዲሱ ሲል ከመግባቱ በፊት ሲሉ አክስሉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጣት ይሂድበት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱ ሲልም ቶሎ ያልቃል። ናክሉ ሦስት አራተኛው ያህል በግራሶ ይሞላል። የጎማው ኩሽኔታ ሲታሰር መጀመሪያ በ59 ኒውተን ሜትር ጠበቅ ተደርጎ ጎማው ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ ይፈታል፣ ከዚያ በትንሹ ይታሰራል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ክሪክ ተደርጎ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ፤ አዲስ ኩሽኔታ ሲለምድ ስለሚላላ እንደገና ማሰር የተለመደ ነው።

ሲሏ ቶሎ የምታልቅበት ሌላ ምክንያት መተንፈሻው ነው። ዲፈረንሻል ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ በመተንፈሻው ይወጣል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ በሲሎቹ በኩል ይወጣል። ይባስ ብሎ የሞቀ አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተርና ውኃ በሲሉ በኩል ስቦ ያስገባል። ዘይቱ ወተት መምሰል የሚጀምረው በዚህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ቡሽ የመሰለችውን መተንፈሻ አውጥቶ የናፍጣ ጎማ ማሰርና ከፊት ሞተሩ ክፍል የላይኛው ግድግዳ፣ ከኋላ እስከ ጭነቱ ሳጥን አናት ድረስ ማንሣት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የናፍጣ ፊልትሮ ማድረግ። አክስሉ ሲወርድ እንዳይበጠስ የናፍጣ ጎማው ላላ ብሎ ይታሰር። የማርሽ ሳጥኑና የትራንስፈሩም እንዲሁ። መኪናውን ለመንገዱ «ማሻሻል» ከተባለ መጀመሪያ የሚሠራው ይህ ነው፤ ከፓውዛውም ከፓራውርቲውም በፊት። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የሁሉንም ሳጥን የመሙያ ቡሎን ፈትቶ ዘይቱን ማየት።

ዘይት ከተነሣ፦ ለዲፈረንሻል ጂኤል 5 ደረጃ 85ደብሊው90 ነው። ለማርሽ ሳጥኑ ግን ጂኤል 4፤ የጂኤል 5 ቅመም የማርሹን የነሐስ ቀለበቶች ይበላል።

ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው የአባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ መንገድ ነው። ጭነት ይዞ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና መሐል ላይ ፍሬኑ ይለሰልሳል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሰበቡ ብዙ ጊዜ ሸራው ሳይሆን የፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ ሲፈላ ደግሞ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሠራል። ዶት 4 ሲያረጅም 155 አካባቢ ይቆያል፤ ስለዚህ ለዚህ አገር ዶት 4 በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር። ወደ በረሃው ከመግባት በፊት፣ ገና ከአፋፉ፣ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ ይያዝና ሞተሩ ራሱ ይያዘው፤ ፍሬን በአጭር በአጭሩ እየተመታ ይለቀቅ። የኋላ ፍሬናቸው ታምቡር የሆነባቸው መኪኖች ጭቃ መንገድ ከዋሉ ታምቡሩ ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ውስጡ የገባ ዋልካ ሲደርቅ ሸራውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

ወደ ባሌስትራው እንምጣ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው 79 ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ባሌስትራ ነው። ለእህል ጭነት ኋላ ላይ ቅጠል መጨመር የተለመደ ነው፣ በልኩ ከሆነም አይጎዳም። ሁለት ነገር ግን ይረሳል። አንደኛው፣ ኋላ አክስሉ ላይ ያለች በጭነቱ መጠን የኋላ ፍሬን የምትመጥን ቫልቭ ናት። ጭነት መኖሩን የምታውቀው ሻንሲው ከአክስሉ ባለው ርቀት ነው፤ መኪናው በቅጠል ሲነሣ ባዶ የሆነ ይመስላትና የኋላ ፍሬኑን ትቀንሳለች። ቅጠል ከተጨመረ የቫልቯ ክንድ በልኩ ይስተካከል። ይህን ያላደረገ መኪና በረሃው ላይ የፊት ፍሬኑን ብቻ ያቃጥላል። ሁለተኛው፣ የፊት ሞላው 50 ሚሊ ሜትር ከተነሣ የፊት አክስሉ ወደ ፊት ይጠመዘዝና መሪው አስፋልት ላይ ይዋልላል፤ ማስተካከያ ጎሚኒ አብሮ መግባት አለበት።

ጎማ ላይ አስተያየታችን ግልጽ ነው። በቢቸናና በደጀን የዋልካ መሬት ሰፊ ጎማ ጥርሱ ተሞልቶ እንደ ለስላሳ ጎማ ይንሸራተታል፤ ቀጭኑ 7.50አር16 ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን ይፈልጋል። ቀይ አፈር ላይና ለአስፋልት ሰፊው ይመቻል። ጭቃ ውስጥ ካላማዳሪ የሌለውን ጎማ ወደ 1.3 ባር ማውረድ ይረዳል፣ በቀስታ ከተነዳና ሲወጣ ወዲያው ከተነፋ። ካላማዳሪ ያለውን ግን እስከዚያ አታውርዱት፤ ጎማው በቸርኬው ላይ ይዞርና ቫልቩን ይቆርጠዋል።

ስኖርክል የሚገጠም ከሆነ ለወንዝ ብቻ ሳይሆን ለበጋ አቧራም ይጠቅማል፣ መጋጠሚያዎቹ ካልነፈሱ። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ አናቱን በጠፍጣፋ ላስቲክ መድፈን፤ ወዲያው ካልጠፋ የሆነ ቦታ በፊልትሮ ያላለፈ አየር እየሳበ ነው።

ያገለገለ 79 ለመግዛት የሚሄድ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት መኪናው ሥር ይግባ። ሻንሲው ከካቢኑ ጀርባ፣ ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በባትሪ መብራት ይታይ፤ አዲስ ቀለም ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ ከአቅሙ በላይ የተጫነ መኪና ነው። የባሌስትራው ማሰሪያ ቡሎኖች ክራቸው የዛገና ያልተነካ ከሆነ ቅጠሉ ከተጨመረ ወዲህ ማንም አላጠበቃቸውም። ኩሽኔታና ሲል አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሲገዛ ማሸጊያውን ሳይሆን ዕቃውን ማየት፤ የኩሽኔታው ቁጥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ መሆን አለበት፣ በጥፍር የሚለቅ ቀለም ከሆነ ተዉት። ለፊት እግሩ አስመሳይ ኩሽኔታ ከመግዛት ያረጀውን አጥቦ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ ኦሪጅናሉ እስኪገኝ መቆየት ይሻላል።